ሁለተኛ የሌለው ማሽን

ቦታው ወረታ ነው፤ ከባሕር ዳር ጎንደር መንገድ ወደ ደብረ ታቦር በሚገነጠለው አስፋልት ዳር ያለ የሩዝ መፈልፈያ። ተነጋጋሪዎቹ የመፈልፈያው ባለቤትና አዲስ አበባ በኑክሌር ሕክምና ክፍል የምትሠራ የእህታቸው ልጅ ናቸው።

አጎት፦ አንቺ የጨረር ሰው ነሽና ይህን አስረጂኝ። የሚስቴ የእቴቴ እንቅርት የአየር ቧንቧዋን ተጭኖ እንደሆነ ይታይ ተብሎ ራጅ ታዘዘላት። እዚሁ ከተማው ውስጥ ካለ አንድ ክሊኒክ ወሰድኋት። በሩ ታሽጎ ወረቀት ተለጥፎበታል። ማሽኑ አልተበላሸም፣ ሠራተኞቹም አሉ። «ተቆጣጣሪ መጥቶ ዘጋው» አሉን። ባሕር ዳር ሄደን አደርን። መንገዱ ለጤነኛ ሰው ምንም አይደል፤ ጋደም ስትል ትንፋሽ ለሚያጥራት ሴት ግን ሌላ ነው። የሚሠራ ማሽን አሽጎ የሚሄድ ሰው ምን ዓይነት አንጀት ቢኖረው ነው?

ባለሙያዋ፦ ክፍሉን ከዚያ በፊት ገብተው አይተውት ያውቃሉ፣ ጋሼ?

አጎት፦ ወገቤን ያመመኝ ጊዜ ገብቻለሁ።

ባለሙያዋ፦ በሩ ሲከፈት ከበድ ይላል?

አጎት፦ ምን ይከብዳል፤ ተራ የጣውላ በር ነው። ከሥሩ ብርሃን ያሳልፋል። ተራ የሚጠብቀው ሰው ፊት ለፊቱ ካለው አግዳሚ ላይ ነው የሚቀመጠው።

ባለሙያዋ፦ ያ በር ውስጡ የእርሳስ ሉህ ሊኖረው ይገባ ነበር፤ ከመቃኑ ጋር ሲገጥምም ክፍተት አይተውም። የሚያነሣው ልጅ ለታማሚው ደጋፊ የሚያለብሰው ሽርጥስ ነበረው?

አጎት፦ አንድ ሰማያዊ ነገር ወንበር ላይ ተጣጥፎ አይቻለሁ።

ባለሙያዋ፦ እሱም እርሳስ አለበት። መሰቀል እንጂ መታጠፍ የለበትም። ሲታጠፍ በማጠፊያው በኩል ውስጡ ይሰነጠቃል፤ ከላይ ጨርቁ ደኅና ስለሆነ ማንም አያውቅም። የለበሰው ሰው ተከልያለሁ ብሎ ይቆማል፣ ጨረሩ ግን በስንጥቁ ያልፋል። ልጁ ደረቱ ላይ ትንሽ ባጅ ካልነበረው ደግሞ በዓመት ውስጥ ምን ያህል ጨረር እንደተቀበለ የሚነግረው የለም። እርስዎ ለወገብዎ የተነሡት አንድ ራጅ ብዙ የሚያስፈራ አይደለም። የምፈራው በየቀኑ እዚያ ለሚሠራው ልጅና ነፍሰ ጡር ሆና አግዳሚው ላይ ለምትቀመጠው ሴት ነው።

አጎት፦ እና ሕጉ ዝጋ ይላል?

ባለሙያዋ፦ ያለ ፈቃድ የጨረር መሣሪያ መጠቀም አይቻልም ይላል። አዲስ ነገርም አይደለም። በ1986 በወጣው አዋጅ ቁጥር 79 የጨረራ መከላከያ ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ አዋጁ በ2000 ተተካ፣ ኋላም በአዋጅ ቁጥር 1025/2009 እንደገና ተተካ። ዛሬ ሥራው የኢትዮጵያ ቴክኖሎጂ ባለሥልጣን ነው። ወደ ከተማችን የመጣው ሰው በዚህ ሥልጣን የመጣ ነው።

አጎት፦ ሕጉን አልቃወምም። እኔ የምለው ሌላ ነው። የጨረሩ ጉዳት ቢመጣ ከሃያ ዓመት በኋላ ነው፤ በማን ላይ እንደሚወድቅም አይታወቅም። የመዝጋቱ ጉዳት ግን ዛሬ ነው፣ ስም አለው፣ ቤቴ ውስጥ ተኝቷል። ሰው እንዴት የማይታየውን ብሎ የሚታየውን ይጎዳል?

ባለሙያዋ፦ ይህን ጥያቄ አንድ ሙሉ አገር በፓርላማው ፊት ተጨቃጭቆበታል፤ ካናዳ። ደግሞ ነገሩ ከእቴቴ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። አዲስ አበባ ለስካን ቀጠሮ ሲሰጧት ለምን በዚያ ቀን ብቻ እንደሆነ ጠይቀውኝ አልነበር?

አጎት፦ አዎ፤ ማሽኑ ሳምንቱን ሙሉ ቆሞ ለምን አንድ ቀን ብቻ?

ባለሙያዋ፦ ማሽኑ ብቻውን አያይም። የእንቅርቷን ምስል ለማግኘት በደም ሥሯ ቴክኔሺየም የሚባል ነገር ትንሽ ይሰጣታል። እሱ በ6 ሰዓት ግማሹ ይጠፋል፤ ስለዚህ ገዝቶ ማስቀመጥ የለም። የሚወለደው ሞሊብደነም ከሚባል ሌላ ነገር ነው፤ ያም በ66 ሰዓት ግማሹ ያልቃል። በእርሳስ ዕቃ ታሽጎ በአውሮፕላን ይመጣል፣ እኛ ጠዋት ጠዋት ቴክኔሺየሙን እናወጣበታለን። በመላው ዓለም ያሉ ባለሙያዎች ዕቃውን «ላሟ» ይሉታል፤ ሥራውን «ማለብ»።

አጎት፦ የፎገራ ሰው ይገባዋል። ያላለብሽውን ነገ አታገኚውም።

ባለሙያዋ፦ ላሟም ራሷ በሳምንቱ ትነጥፋለች። ስለዚህ በየሳምንቱ ሌላ ቦታ አዲስ ሞሊብደነም መሠራት አለበት። የሚሠራውም በኑክሌር ማብላያ ውስጥ ነው፤ እንዲህ ያለ ማብላያ ደግሞ በዓለም ላይ በጣት የሚቆጠር ነው። በአፍሪካ ዋናው ደቡብ አፍሪካ ፔሊንዳባ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ የሚሠራው ሳፋሪ 1 ነው። ያ ጭቅጭቅ በተነሣበት ጊዜ ግን ዋናው አቅራቢ ካናዳ ነበረች፤ ከኦታዋ በስተሰሜን ምዕራብ ቾክ ሪቨር ላይ ኤንአርዩ የሚባል ማብላያ ነበራት። እ.ኤ.አ. በ1957 ሲሠራ ለሳይንስ መመራመሪያና ለኃይል ማመንጫ ነዳጆች መፈተሻ ነበር። መድኃኒቱ ጎን ለጎን የመጣ ሥራ ነው፤ ቆይቶ ግን የዓለም ሆስፒታሎች ሁሉ አንገት በእሱ ላይ ተንጠለጠለ።

አጎት፦ ሃምሳ ዓመት የሠራ ማሽን።

ባለሙያዋ፦ እ.ኤ.አ. በ2007 ልክ ሃምሳ ሞላው። ፈቃዱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ሲታደስለት ደኅንነቱን የሚያጠብቁ ማሻሻያዎች ተሠርተው ተጠናቀዋል ተብሎ ነበር። በኅዳር ለጥገና ሲቆም የካናዳ የኑክሌር ደኅንነት ኮሚሽን ባለሙያዎች አንድ ነገር አገኙ። የማብላያውን እምብርት የሚያቀዘቅዘውን ውሃ የሚገፉ ሁለት ፓምፖች፣ የመሬት መንቀጥቀጥ ከሚቋቋመው የመጠባበቂያ ኃይል ጋር መገናኘት ሲገባቸው አልተገናኙም። ተሠርቷል የተባለው አልተሠራም ማለት ነው። ማብላያው በዚያው ተዘግቶ ቆየ።

አጎት፦ የመሬት መንቀጥቀጥ እዚያ አገር አለ?

ባለሙያዋ፦ በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው ልክ እንደ እርስዎ ነበር የጠየቀው። እ.ኤ.አ. በ2010 ሰኔ ላይ በሬክተር መለኪያ 5 የሆነ መንቀጥቀጥ የኦታዋን ሰው ከየሕንጻው አስወጥቶ ጎዳና ላይ አቆመው።

አጎት፦ እንግዲህ እኛም በ1998 ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ውሃው እዚህ አይደርስም ከተባለበት ቤት ሁሉ ሲገባ አይተናል። ሰው በታንኳ ነው የወጣው። ይህን ያህል ከቆጠርሽልኝ አላስተባብልም። ከዚያስ?

ባለሙያዋ፦ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሞሊብደነም ጠፋ። የካንሰርና የልብ ሕመምተኞች ቀጠሮ ተሰረዘ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ስቲቨን ሃርፐር ፓርላማ ውስጥ ቆመው የኮሚሽኑን ሊቀ መንበር ሊንዳ ኪንን በቀድሞው መንግሥት የተሾመች ናት ብለው ወቀሱ። በታኅሣሥ ፓርላማው የኮሚሽኑን ውሳኔ የሚሽር ሕግ በሁለት ቀን ውስጥ አጸደቀ፤ ማብላያው ለ120 ቀን ያለ ኮሚሽኑ ይሁንታ እንዲሠራ የሚል። ተቃዋሚዎቹም ደግፈዋል። ሁለተኛው ፓምፕ ገና ሳይገናኝ ማብላያው ተነሣ። በጥር አጋማሽ ሊንዳ ኪን ለፓርላማው ኮሚቴ ቀርባ ልታስረዳ ጥቂት ሰዓታት ሲቀሯት፣ ሌሊት ከሊቀ መንበርነቷ ተነሣች።

አጎት፦ ታመመች ሳይሆን በሥራዋ?

ባለሙያዋ፦ በሥራዋ። ፍርድ ቤት ሄደች፤ ፍርድ ቤቱም ሊቀ መንበርነቱ መንግሥት በፈለገ ጊዜ የሚያነሣው ሹመት ነው አለ።

አጎት፦ እኔ ግን ለፓርላማው እፈርዳለሁ። ሰው እየሞተ ሕግ አይጠቀስም። የእኔ ሚስት ዕጣ ከሆነች እኔም እጄን አወጣ ነበር።

ባለሙያዋ፦ እኔም ያን ቀን እዚያ ብቀመጥ እጄን ላወጣ እችላለሁ፤ ሰዎቹን አልረግምም። ግን ቾክ ሪቨር ምን እንደሚያውቅ ይስሙ። እ.ኤ.አ. በ1952 ታኅሣሥ እዚያው ግቢ ያለ ሌላ ማብላያ ከቁጥጥር ወጥቶ እምብርቱ ተበላሽቷል። ለማጽዳት ከአሜሪካ ባሕር ኃይል የተላኩ ወጣቶች ነበሩ፤ እያንዳንዱ ወደ ውስጥ ወርዶ አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ብሎን ፈትቶ ይወጣል፣ ከዚያ በላይ መቆየት አይችልም። ከመካከላቸው አንዱ መቶ አለቃ ጂሚ ካርተር ነበሩ።

አጎት፦ የትራኮማው ካርተር?

ባለሙያዋ፦ እሳቸው። በማልትራ ሳምንት፣ በወባና በትራኮማ ዘመቻው፣ ቀበሌ ለቀበሌ ክኒን ሲታደል የደገፈው ድርጅት እሳቸው ያቋቋሙት ነው።

አጎት፦ እሳቸውንስ እኔም አመሰግናለሁ፤ ልጆቼ ክኒኑን ውጠዋል።

ባለሙያዋ፦ እ.ኤ.አ. በ1958 ደግሞ ራሱ ኤንአርዩ ውስጥ የነዳጅ ዘንግ ተቃጥሏል። ስለዚህ ሊንዳ ኪን ፓምፑ ይገናኝ ስትል የምትፈራው በወረቀት የተጻፈ ነገር አልነበረም፤ በዚያው ግቢ የደረሰ ነው። የእኔ ቁጣ ግን ከዚያ ቀድሞ ያለውን ይመለከታል። ሃምሳ ዓመት የሠራ አንድ ማሽን የዓለምን ሕመምተኛ ይዞ እስኪያረጅ ድረስ ምትኩ የት ነበር? ያን ጊዜ ፓርላማው የቀረበለት ምርጫ ሕመምተኛውን ወይስ ተቆጣጣሪውን የሚል ነው። ያን ምርጫ ያመጣው ግን ተቆጣጣሪው አይደለም።

አጎት፦ ምትክ አልሠሩም?

ባለሙያዋ፦ ሠርተው ነበር። ሜፕል የሚባሉ ሁለት አዳዲስ ማብላያዎች፣ ለሕክምና ብቻ የታሰቡ፣ እዚያው ቾክ ሪቨር። እ.ኤ.አ. በ2000 የመጀመሪያው ተነሣ። ሲፈተሽ ግን ጠባዩ በስሌት ከተጠበቀው ተቃራኒ ሆኖ ተገኘ። እንዲህ ያለ ማብላያ ኃይሉ ከፍ ሲል ራሱን ቀስ አድርጎ እንዲገታ ነው የሚነደፈው። ይሄኛው ኃይሉ ከፍ ሲል ራሱን ጥቂት ይበልጥ ወደ ላይ የሚገፋ ሆነ። ጥቂት ነው፤ ግን አቅጣጫው የተሳሳተ ነው፣ ምክንያቱንም ዓመታት ሙሉ ፈልገው ሊያስረዱ አልቻሉም። ኮሚሽኑም ያልገባችሁን ነገር በሙሉ ኃይሉ አስነሡት ብዬ ፈቃድ አልሰጥም አለ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2008 ባለቤቱ መንግሥታዊ ድርጅት ሁለቱንም ተዋቸው። ተሠርተው ያለቁ፣ ብዙ ገንዘብ የወጣባቸው፣ ለአንድ ሕመምተኛ እንኳ መድኃኒት ያልሠሩ ማብላያዎች።

አጎት፦ ልብ ይሰብራል። ጥቂት ቢያልፏቸውስ?

ባለሙያዋ፦ እኔ በዚህ ላይ ከኮሚሽኑ ጋር ነኝ፤ ሙሉ በሙሉ። የጠፋው ገንዘብ ያሳዝነኛል። ነገር ግን ስህተቱ የተገኘው ገና በፈተና ላይ፣ ማንም ሳይጎዳ ነው። ፈተና የሚኖረው ለዚህ ነው። መሐንዲሱ ለምን እንደሆነ አላውቅም ያለበትን ማሽን ሐኪም ፈልጎታልና ይነሣ ማለት አልችልም። እ.ኤ.አ. በ2009 ግንቦት ያ አሮጌው ኤንአርዩ ከባድ ውሃ ማፍሰስ ጀመረና ለአሥራ አምስት ወር ቆመ። የሆላንዱ የፔተን ማብላያም እ.ኤ.አ. በ2010 ለጥገና ተዘግቶ ስለነበር ሁለቱ ዋና ምንጮች በአንድ ጊዜ ደረቁ። ይኸኔ ፓርላማ ሊያወጣው የሚችል ሕግ አልነበረም፤ የተሸረሸረ ብረት በአዋጅ አይደፈንም። በመጨረሻ ኤንአርዩ እ.ኤ.አ. በ2018 መጋቢት ማብቂያ ለዘለቄታው ተዘጋ።

አጎት፦ እሺ። አሁን ወደ እኛ አምጪው። ካናዳ ሀብታም አገር ናት። እኛ ጋ ሁለተኛ ከየት ይመጣል?

ባለሙያዋ፦ ከሃያ ዓመት በላይ በመላው ኢትዮጵያ የካንሰር ጨረር ሕክምና ይሰጥ የነበረው ጥቁር አንበሳ ብቻ እንደነበረ ያውቃሉ። ከመቶ ሚሊዮን ሕዝብ በላይ፣ አንድ ሆስፒታል፣ ኮባልት ማሽን። ከዚህ ከፎገራ፣ ከሞያሌ፣ ከጋምቤላ ሁሉም ወደዚያ። ወረፋው ወራት ይፈጅ ነበር፤ ብዙዎች ተራቸው ሳይደርስ አልፈዋል። ኮባልቱም ራሱ በየአምስት ዓመት ከሦስት ወሩ ገደማ ግማሹ ስለሚያልቅ ምንጩ ሲደክም የአንዱ ሰው ሕክምና ይረዝማል፣ ወረፋው ይብሳል። አሁን ያንን ማሽን የሚመረምር ተቆጣጣሪ ራስዎን ያድርጉ። እንከን ተገኝቶበታል እያልኩ አይደለም። ቢገኝስ ኖሮ? እርስዎ እዚያ ግቢ ውስጥ ፌስታል ይዘው ወለል ላይ የተኙትን እናቶች እያለፉ ገብተው፣ «ዝጉት» ማለት ይችላሉ?

አጎት፦ አልችልም።

ባለሙያዋ፦ ማንም አይችልም። የእኔን ሐሳብ ጠቅልለው ከያዙልኝ ይሄው ነው፤ ማሽኑ አንድ ሲሆን ተቆጣጣሪው ሥልጣኑ በአዋጅ ላይ ይቀራል። ሁለተኛው ማሽን ሲመጣ ወረፋውን ብቻ አይደለም የሚያሳጥረው፣ የመጀመሪያውን እውነቱን ለመመርመር ነጻ ያወጣናል። ጅማ የጨረር ሕክምና ሲጀምር በጣም የተደሰትኩት በዚህም ጭምር ነው።

አጎት፦ ወረታ ላይ ግን ለእኛ በእግር የሚደረሰው ራጅ ያ ክሊኒክ ያለው ነው። ተቆጣጣሪው እዚህ ደፈረ፤ ጥቁር አንበሳ ላይ አይደፍርም። ደካማው ላይ ነው የበረታው ልበል?

ባለሙያዋ፦ አይበሉ። ባሕር ዳር ስላለ ነው የደፈረው። እቴቴ ተንገላታች እንጂ ሳትመረመር አልቀረችም። መንገላታቷ ግን ቀላል አይደለም፤ እሱን አልክድም።

አጎት፦ እንግዲያው ይህን አንብቢው። የሠፈሩ ሰው ለወረዳው የሚያስገባው ማመልከቻ ነው። አርባ የሚሆን ሰው ፈርሟል።

ባለሙያዋ፦ «ክፍሉ በአስቸኳይ ይከፈትልን» ይላል። ጋሼ፣ እንዲህ ተጽፎ ቢሰማ ያው የጣውላ በር ነው የሚከፈተው። ልጁ ያለ ባጅ ይመለሳል፣ ሴቶቹም አግዳሚው ላይ። ካናዳም ያለ ሁለተኛው ፓምፕ ነበር ያስነሣችው። «በሩ እርሳስ ይልበስ፣ አግዳሚው ከፊቱ ይነሣ፣ ከዚያ በኋላ በሦስት ቀን ውስጥ ተመልሳችሁ መርምሩልን» ተብሎ ይጻፍ። እርሳሱ የሚሠራው በቀናት ነው። ብዙ ጊዜ የሚዘገየው ተቆጣጣሪው ተመልሶ እስኪመጣ ነው።

አጎት፦ ይሁን፣ ልክ ነሽ። እኔ ደግሞ አንድ የምጨምረው አለ። ያሸገው ሰው ያንን ወረቀት በሩ ላይ ሲለጥፍ የሕጉን ቁጥር ጽፏል፣ ማኅተሙን መትቷል። ሕመምተኛው የት ይሂድ የሚል ቃል ግን የለበትም። እኛ ሐሙሲትም ደብረ ታቦርም ጠይቀን ነው መጨረሻ ባሕር ዳር የሄድነው። የሚዘጋ ሰው የት እንደሚከፈት ጽፎ ይዝጋ። ቀድሞ ደውሎ ያረጋግጥ፤ «እዚህ ሆስፒታል ሄዳችሁ በዚህ ወረቀት ቅድሚያ ታገኛላችሁ» ይበል።

ባለሙያዋ፦ ይህ ከሁሉም ይበልጣል። ካናዳም መሥሪያ ቤቱ ስለ ማብላያው እንጂ ስለ ሕመምተኛው እንዲያስብ በሕግ አልታዘዘም ነበር። መንግሥት ኮሚሽኑ የሕመምተኞችንም ጤና ግምት ውስጥ እንዲያስገባ የሚል መመሪያ ያወጣው ግርግሩ ከተነሣ በኋላ ነው። መጀመሪያ ቢሆን ኖሮ ማብላያው እንደቆመ ወደ ሆላንድና ወደ ደቡብ አፍሪካ ይደወል ነበር።

አጎት፦ ትራንስፖርቱንስ ማን ይክፈል? የባጃጁን፣ የሚኒባሱን፣ የአልጋውን።

ባለሙያዋ፦ ክሊኒኩ። ለስንት ዓመት ያለ እርሳስ በር ሲያስከፍል ኖሯል።

አጎት፦ አይከፍልም። ባለቤቱን አውቀዋለሁ፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን የለኝም ይላል።

ባለሙያዋ፦ ፈቃድ ሲሰጠው ለዚህ የሚሆን ገንዘብ አስቀድሞ እንዲያስይዝ ማድረግ ይቻላል። ይህን ወረዳው አይወስነውም፤ ለባለሥልጣኑ ነው የሚጻፈው። ሁለተኛ ደብዳቤ እኔ አዘጋጃለሁ።

አጎት፦ አዘጋጂው። የመጀመሪያውን ግን ሰውየው ዘንድ ነገ ጠዋት ይዤ እሄዳለሁ፣ ወረዳ ሳይገባ ቀድሞ ይየው። የበሩን ሥራ ከተስማማ ግማሹን ጣውላና ብረት እኔ እችላለሁ። የእርሳሱን ውፍረት በወረቀት ጻፊልኝ፤ በቃል ነግረሽኝ እዚያ ስደርስ እንዳላሳንሰው።

ባለሙያዋ፦ እኔ የምጽፍልዎ ለሠሪው ጥያቄውን ነው። ውፍረቱን የሚወስነው ማሽኑን፣ ግድግዳውንና ከበሩ ማዶ ማን እንደሚቀመጥ ለክቶ የሚያሰላ ባለሙያ ነው። ስሌቱ ሳይሠራ እርሳስ እንዳይገዙ።